ከስኮሊዮሲስ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት ኢንፌክሽንን መከላከል፦ ለታዳጊ ታካሚዎችና ለአስታማሚዎቻቸው የተዘጋጀ መረጃ

ስኮሊዮሲስ የጀርባ አከርካሪ ወደ ጎን የሚጣመምበትና በራሱ ዙሪያም የሚዞርበት የጤና ችግር ነው። በራጅ ተለክቶ የመጣመሙ መጠን 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ ይባላል። ችግሩ በአብዛኛው ጎልቶ የሚታየው ከ10 ዓመት ዕድሜ በኋላ፣ ቁመት በፍጥነት በሚጨምርበት የጉርምስና ወቅት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ100 ታዳጊዎች መካከል ከ2 እስከ 3 የሚሆኑት በተለያየ መጠን ይኖርባቸዋል። ለአብዛኞቹ በየጊዜው የሚደረግ ክትትል ወይም የጀርባ መደገፊያ ይበቃል። መጣመሙ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲደርስና መጨመሩን ሲቀጥል ግን ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናን እንደ አማራጭ ያቀርባሉ።

ቀዶ ሕክምናው የብዙ ታዳጊዎችን ሕይወት የሚለውጥ ቢሆንም፣ ከሚያስከትላቸው ችግሮች መካከል የቁስል ኢንፌክሽን በቸልታ የሚታይ አይደለም። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ልጃቸውን ለዚህ ሕክምና ለሚያዘጋጁ ወላጆች፣ በሆስፒታልና በቤት ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች እንዲሁም ለታዳጊዎቹ ለራሳቸው ነው። ዋና መልእክቱም የሚከተለው ነው፦ ኢንፌክሽንን የመከላከል ሥራ የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት አስቀድሞ ነው፤ ቁስሉ ላይ አጠራጣሪ ለውጥ ሲታይም መሄድ የሚገባው ወደ መድኃኒት መደብር ሳይሆን ቀዶ ሕክምናውን ወዳደረገው ሆስፒታል ነው፤ ያውም በዚያው ዕለት።

ቁስሉ የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

በስኮሊዮሲስ ቀዶ ሕክምና ወቅት የጀርባ ቆዳ በረጅሙ ይከፈታል፤ ጡንቻዎችም ከአከርካሪው ላይ ገለል ይደረጋሉ። ከዚያም በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ ብሎኖች ይተከላሉ፤ ብሎኖቹ ከብረት ዘንጎች ጋር ተያይዘው አከርካሪው በተቻለ መጠን እንዲቃና ይደረጋል። በመጨረሻም አጥንቶቹ እርስ በርስ ተጋጥመው አንድ እንዲሆኑ በመካከላቸው የአጥንት ቁርጥራጭ ይቀመጣል። ሥራው በርካታ ሰዓታት ይወስዳል፤ ብዙ ደምም ሊፈስ ይችላል። ቁስሉ ረጅምና ጥልቅ መሆኑ፣ ለረጅም ሰዓት ክፍት ሆኖ መቆየቱ እንዲሁም ብረት በውስጡ መቅረቱ ለተህዋስያን መግቢያና መደበቂያ ሊሆን ይችላል።

በተለይ የብረቱን ጉዳይ መረዳት ያስፈልጋል። ባክቴሪያ በሥጋ ላይ ሲያርፍ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳትም ሆኑ በደም የሚጓዘው መድኃኒት ይደርሱበታል። በብረት ላይ ሲያርፍ ግን በዙሪያው እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። በዚህ ሽፋን ውስጥ የተደበቀን ባክቴሪያ በሚዋጥ መድኃኒት ብቻ ማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በእጅ ወይም በእግር ላይ ለደረሰ ተራ ቁስል በቂ የሚመስል ሕክምና ለዚህ ቁስል አይበቃም። ከላይ የተገጠመ የሚመስል ቆዳ ከሥሩ መግል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

በብዛት ኢንፌክሽን የሚያስከትለው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ይህም በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። በጉርምስና ወቅት ከሚወጣ ብጉር ጋር የተያያዘ ሌላ ባክቴሪያም አለ፤ እርሱ በዝግታ ስለሚራባ ከቀዶ ሕክምናው ወራት አልፎም ዓመታት በኋላ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ኢንፌክሽኑ ቀደም ብሎ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ የሚታይ፣ ወይም ዘግይቶ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ክትትሉ ስፌቱ ሲወጣ የማያበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑት እነማን ናቸው?

ሌላ ሕመም የሌለባቸውና መንስኤው በውል ያልታወቀ ስኮሊዮሲስ ያለባቸው ታዳጊዎች ለኢንፌክሽን ያላቸው ተጋላጭነት አነስተኛ ነው። የሚከተሉት ሁኔታዎች ሲኖሩ ግን አደጋው ይጨምራል፦

• ስኮሊዮሲሱ የመጣው ከነርቭ ወይም ከጡንቻ ሕመም ጋር ተያይዞ ሲሆን፤ ለምሳሌ ሴሬብራል ፓልሲ ወይም ከውልደት ጀምሮ የነበረ የህብለ ሰረሰር ክፍተት፤
• ታዳጊው ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር የማይችል ሆኖ የቁስሉ የታችኛው ክፍል ሊበከል የሚችል ሲሆን፤
• በቂ ምግብ ባለማግኘት ወይም ጎባጣው ደረት ሆድን በመጫኑ ምክንያት ክብደቱ ዝቅተኛ ሲሆን፤ እንዲሁም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ሲኖር፤
• የስኳር ሕመም፣ ከፍተኛ የደም ማነስ ወይም የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንስ ሕመም ሲኖር፤
• ከዚህ በፊት በዚያው ቦታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ከሆነ፤
• ቆዳ ላይ ቁስል፣ የጥርስ መበስበስ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሳይታከም ከቀረ።

በአገራችን ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። የአከርካሪ ነቀርሳ (የአጥንት ቲቢ) አከርካሪን አጉብጦ ከስኮሊዮሲስ ጋር ሊያመሳስል ይችላል። ስለሆነም ታዳጊው ለረጅም ጊዜ የቆየ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ካለው ወይም በቤት ውስጥ የቲቢ ታማሚ ካለ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ሕክምናው በኢትዮጵያ ያለበት ሁኔታ

በኢትዮጵያ ብዙ ታዳጊዎች ወደ አከርካሪ ሐኪም የሚደርሱት መጣመሙ እጅግ ከከፋ በኋላ ነው። ለዚህም ምክንያቶቹ የባለሙያዎች ቁጥር ማነስ፣ ርቀትና የሕክምና ወጪ ናቸው። በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት የኖሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ፣ ጄዲሲ በመባል በሚታወቀው የአይሁዳውያን የእርዳታ ድርጅት በኩል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለእነዚህ ታካሚዎች የሚሆን የአከርካሪ ሕክምና ፕሮግራም ሲመሩ ቆይተዋል። በፕሮግራሙ በርካታ ኢትዮጵያውያን ታዳጊዎች ወደ ጋና ተጉዘው በዶክተር ኦሄነባ ቦዋቼ አጄይ በሚመራው ቡድን ቀዶ ሕክምና አግኝተዋል። እኚህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 የመሠረቱት ፎኮስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በአክራ የራሱን ሆስፒታል ከፍቷል።

መጣመሙ በጣም ከፍተኛ ሲሆን ቀዶ ሕክምናው በአንድ ጊዜ አይደረግም። በቅድሚያ በራስ ቅል ዙሪያ ሄሎ የተባለ የብረት ቀለበት በፒኖች ተይዞ፣ በክብደት አማካኝነት አከርካሪው ለሳምንታት ቀስ በቀስ እንዲሳብ ይደረጋል። የፒኖቹ መግቢያ እያንዳንዱ ትንሽ ክፍት ቁስል ነው። ስለዚህ የሚያጸዳው ሰው እጁን ታጥቦ፣ ባለሙያው ባሳየው መንገድና በታዘዘው ፈሳሽ ብቻ ማጽዳት ይኖርበታል። በፒኑ ዙሪያ መግል፣ እብጠት ወይም የሚጨምር ሕመም ከታየ፣ እንዲሁም ፒኑ የላላ ከመሰለ ወዲያውኑ ለሐኪም መነገር አለበት። ቅባትና ቅቤ በፒኑ ዙሪያ መቀባት አይገባም።

ሕክምናውን በውጭ አገር አግኝቶ የተመለሰ ታካሚም ሆነ እዚሁ የታከመ፣ አብዛኛው የማገገሚያ ጊዜ የሚያልፈው በቤቱ ነው። በዚህም ምክንያት የአስታማሚ ቤተሰብ እውቀት ከሐኪሙ ሥራ ቀጥሎ ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚደረግ ዝግጅት

1. ምርመራዎችን በጊዜ ማጠናቀቅ። የደም ማነስ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የጥርስ መበስበስና የቆዳ ቁስል ካሉ ከቀጠሮው በፊት ይታከሙ። ጀርባ ላይ ብጉር ወይም ሽፍታ ካለ ለሐኪሙ ያሳዩ፤ አያፍርጡት።

2. አመጋገብን ማሻሻል። ቁስል የሚድነው ሰውነት በቂ ኃይልና ገንቢ ምግብ ሲያገኝ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና አተር እንዲሁም አትክልትና ፍራፍሬ በየዕለቱ ይካተቱ። ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነ ታዳጊ ቀዶ ሕክምናው ለሳምንታት ተላልፎ ክብደት እንዲጨምር ቢደረግ፣ ይህ መዘግየት ሳይሆን የሕክምናው አካል መሆኑን ይረዱ።

3. ሲጋራ አለማጨስ። ኒኮቲን ወደ ቁስሉ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ አጥንት እንዳይገጥምም ያደርጋል። ታዳጊው ባያጨስም በቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው ከቤት ውጭ እንዲያጨስ ያድርጉ።

4. ገላ መታጠብ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ መሠረት ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሳሙና መታጠባቸው ይመከራል። ሆስፒታሉ ልዩ የመታጠቢያ ፈሳሽ ከሰጠ በተነገረው መሠረት ይጠቀሙ። ከታጠቡ በኋላ ንጹህ ልብስ ይልበሱ፤ ጀርባ ላይ ቅባትና ሎሽን አይቀቡ። ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት ቀደም ብሎ በንጹህ ጀሪካን አጠራቅሞ መያዝ ይጠቅማል።

5. ፀጉርን በምላጭ አለመላጨት። ምላጭ በቆዳ ላይ የማይታዩ ቁርጠቶችን ትቶ ባክቴሪያ እንዲገባ ያመቻቻል። ፀጉር ማንሳት የግድ ከሆነ በሆስፒታሉ በፀጉር መቁረጫ ማሽን ይደረጋል።

6. ማንኛውንም ሕመም መደበቅ የለብዎትም። በቀጠሮው ዕለት ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም ቆዳ ላይ አዲስ ቁስል ካለ ይናገሩ። ቀጠሮ ለማግኘት የጠበቁት ጊዜ ረጅም ቢሆንም፣ ኢንፌክሽን ይዞ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት ከመዘግየት የከፋ ነው።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት

በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የሚደረጉ ጥንቃቄዎች የባለሙያዎች ኃላፊነት ናቸው። ቤተሰቡ ግን ምን እንደሚደረግ ቢያውቅ ለመጠየቅና ለመረዳት ይረዳዋል። ከዋና ዋናዎቹ መካከል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቆዳው ከመከፈቱ በፊት በተወሰነለት ጊዜ መስጠት፣ ቀዶ ሕክምናው ሲረዝም ወይም ብዙ ደም ሲፈስ መድኃኒቱን መድገም፣ ቆዳውን አልኮል ባለው ማጽጃ ማጽዳት፣ የመሣሪያዎችን ከተህዋስያን ነፃ መሆን ማረጋገጥ፣ የታካሚውን የሰውነት ሙቀት መጠበቅ እንዲሁም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስተዋወቀውን የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር መጠቀም ይገኙበታል።

እነዚህ ቀላል የሚመስሉ እርምጃዎች በአገራችን ሆስፒታሎች ውጤት ማምጣታቸው ታይቷል። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ ሐኪሞች ጋር ክሊን ከት በሚል ስያሜ ባካሄደው ፕሮግራም 5 ሆስፒታሎች በስድስት ጉዳዮች ላይ አተኩረው ሠርተዋል፦ የእጅና የቆዳ ንጽህና፣ የጋውንና የጓንት ጤናማነት፣ የመሣሪያ ንጽህና፣ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሰዓት፣ የጎዝ ቆጠራና የማረጋገጫ ዝርዝር አጠቃቀም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን አደጋ በ35 በመቶ ቀንሷል። ፕሮግራሙ የተለያዩ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶችን ያካተተ እንጂ ለአከርካሪ ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ ሆኖም መሠረታዊ ጥንቃቄን በየዕለቱ ሳያዛንፉ መፈጸም ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ሰዎች 11 በመቶ የሚሆኑት ኢንፌክሽን ያጋጥማቸዋል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ቶሎ ቢያቆም አይደናገጡ። ኢንፌክሽን በሌለበት መድኃኒቱን ለቀናት ማራዘም ተጨማሪ ጥበቃ አይሰጥም፤ ይልቁንም መድኃኒት የተለማመዱ ባክቴሪያዎች እንዲበረክቱ ያደርጋል። “ይጨመርልን” ብሎ ሐኪሙን ማስጨነቅ ወይም ከውጭ ገዝቶ መስጠት ተገቢ አይደለም።

በሆስፒታል ተኝቶ በሚቆይበት ጊዜ

የታመመን መጠየቅ የኢትዮጵያውያን መልካም ባህል ነው። ነገር ግን በርካታ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ሲገባ፣ አልጋ ላይ ሲቀመጥ፣ ታካሚውን ሲስምና ሲያቅፍ፣ ተህዋስያን ከሰው ወደ ቁስል የሚሸጋገሩበት መንገድ ይከፈታል። ስለዚህ፦

• አንድ ወይም ሁለት ቋሚ አስታማሚ ይመደብ፤ ሌሎች በስልክ ይጠይቁ ወይም ተራ በተራ ለአጭር ጊዜ ይግቡ።
• ጉንፋን፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም የቆዳ ቁስል ያለበት ሰው አይግባ።
• ማንኛውም ሰው ታካሚውን ከመንካቱ በፊትና ከነካ በኋላ እጁን በውሃና በሳሙና ይታጠብ ወይም በአልኮል ያጽዳ። ባለሙያ እጁን ሳያጸዳ ሊነካ ቢቀርብ በአክብሮት ማስታወስ የታካሚው መብት ነው።
• የጎረቤት ታካሚ አልጋ ላይ አይቀመጡ፤ ፎጣና አንሶላ አይዋዋሱ።
• የቁስሉን ሽፋን ለማየት አይክፈቱ። ሽፋኑ ከረጠበ፣ ከተላቀቀ ወይም ከቆሸሸ ለነርስ ይንገሩ።
• ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ለማይችል ታዳጊ ዳይፐር ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ ጽዳቱም ከፊት ወደ ኋላ ሆኖ ከቁስሉ እንዲርቅ ይደረግ።

ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት፣ የተተከለውን ብረት ዓይነት የሚገልጽ መረጃ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን፣ ስፌቱ የሚወጣ ከሆነ የሚወጣበትን ቀን እንዲሁም ችግር ሲያጋጥም የሚደወልበትን ስልክ ቁጥር በጽሑፍ ይቀበሉ።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ክብካቤ

ቁስሉን ደረቅና ንጹህ አድርጎ መያዝ። ሽፋኑን የሚቀይረው ሰው፣ ጊዜውና አሠራሩ ሆስፒታሉ ባዘዘው መሠረት ይሁን። ሽፋን መቀየር በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ እንዲደረግ ከታዘዘ ትዕዛዙን የያዘውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። በቤት የሚቀየር ከሆነ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ ንጹህና ደረቅ ቦታ ላይ፣ አዲስ ጎዝ ተጠቅሞ ይቀየር።

ገላ መታጠብ። ሐኪሙ ሲፈቅድ የሚፈስ ውሃ ቀስ ብሎ እንዲያልፍበት ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያም ቦታውን ሳያሹ በንጹህ ፎጣ እየነኩ ማድረቅ ያስፈልጋል። በውሃ ውስጥ መዘፈቅ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ክልክል ነው። ይህም የመዋኛ ገንዳን፣ የፍልውሃ መታጠቢያዎችን፣ ወንዝንና ሐይቅን ይጨምራል። ጠበል ለመጠመቅ የሚፈልግ ታካሚ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ድረስ እንዲቆይ ወይም ቁስሉ እንዳይረጥብ እንዲደረግ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

ቁስሉ ላይ ምንም አለመቀባት። ቅቤ፣ ማር፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ የቅጠል ጭማቂ፣ የተፈጨ እንክብል ወይም ማንኛውም ቅባት በቁስሉ ላይ መደረግ የለበትም። ጀርባን በወጌሻ ማሳሸት ብረቱን ሊያላላ፣ ቁስሉን ሊከፍትና ህብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ስለሚችል በጭራሽ አይደረግ።

አመጋገብና ጾም። ሰውነት ቁስል በሚጠግንበት ጊዜ ገንቢ ምግብ በብዛት ይፈልጋል። በሕመም ምክንያት ከጾም ነፃ መሆን በክርስትናም ሆነ በእስልምና የታወቀ ነው፤ ቤተሰቡ ከሃይማኖት አባቱ ጋር እንዲነጋገር ይመከራል። ታዳጊው መጾምን ከመረጠ ቢያንስ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ለውዝና ሱፍ በየዕለቱ በበቂ መጠን ይቅረብለት።

መኝታና ልብስ። አንሶላ ንጹህ ይሁን፤ ቶሎ ቶሎም ይቀየር። ልብሱ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ቢሆን ላብን ይቀንሳል። ታዳጊው በአንድ ጎን ብቻ ለረጅም ሰዓት እንዳይተኛ በባለሙያ በተነገረው መንገድ ይገላበጥ። ስሜት የማይሰማው የሰውነት ክፍል ካለ የመኝታ ቁስል እንዳይፈጠር በየዕለቱ ቆዳው ይታይ።

በየዕለቱ መመልከት። ሽፋኑ ከተነሳ በኋላ አንድ ሰው በቀን አንድ ጊዜ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ቁስሉን ይመልከት። በየቀኑ ከአንድ ርቀት ፎቶግራፍ ማንሳት ለውጡን ለማነጻጸርና ለሐኪም ለማሳየት ይጠቅማል።

አፋጣኝ እርምጃ የሚጠይቁ ምልክቶች

በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አይጠብቁ፤ ታጥበው በደረቁ የእጅዎ ጀርባ የቁስሉን ዙሪያ ሙቀት ከሌላው የጀርባ ክፍል ጋር ያነጻጽሩ። ቆዳው መጠንከሩን፣ መወጠሩንና ማብለጭለጩን ያስተውሉ።

በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታሉ መደወልና መሄድ የሚያስፈልገው፦

• ከቁስሉ መግል፣ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲወጣ፤
• ቁስሉ ሲከፈት፣ ሲያብጥ ወይም ሲሞቅ፤
• ሕመሙ እየቀነሰ ሄዶ እንደገና ሲጨምር፤
• የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲሆን ወይም ብርድ ብርድ ሲል፤
• ታዳጊው ያለ ምክንያት ሲዳከም፣ ምግብ ሲጠላ ወይም ክብደት ሲቀንስ።

ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ የሚያስፈልገው፦

• እግር ሲደነዝዝ፣ ሲዝል ወይም አልንቀሳቀስ ሲል፤
• ከዚህ በፊት ያልነበረ ሽንት ወይም ሰገራ አለመቆጣጠር ሲከሰት፤ ሽንት አልወጣ ሲልም እንዲሁ፤
• ከቁስሉ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ሲወጣና ሲቀመጡ የሚብስ ከባድ ራስ ምታት ሲኖር፤
• የመተንፈስ ችግር፣ ራስን መሳት ወይም ግራ መጋባት ሲታይ።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ሲታይ ከመድኃኒት መደብር ፀረ ባክቴሪያ ገዝቶ መጀመር በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ ምልክቱን ለጊዜው ያደበዝዝና ኢንፌክሽኑ ወደ ጥልቀት እንዲሄድ ጊዜ ይሰጠዋል። ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ሲያስመረምር ባክቴሪያው ላይገኝ ይችላል፤ ይህም ትክክለኛውን መድኃኒት መምረጥን ያስቸግራል። ኢንፌክሽኑ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ቁስሉ በቀዶ ሕክምና ክፍል ተከፍቶ ታጥቦ፣ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ፣ የተተከለው ብረት በቦታው እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። ሲዘገይ ግን ብረቱን ማውጣት ግድ ሊሆን ይችላል፤ አጥንቱ ሳይገጥም ብረቱ ከወጣ ደግሞ የተቃናው አከርካሪ ተመልሶ ሊጣመም ይችላል። ቤተሰብ ለዓመታት የጠበቀው ውጤት በጥቂት ቀናት መዘግየት ሊታጣ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

በለገሃር በኩል ለክትትል ለሚመላለሱ ታካሚዎች

ለገሃር የአውቶቡስ፣ የታክሲና የቀላል ባቡር መገናኛ ነው። ሁለቱም የቀላል ባቡር መስመሮች በለገሃር ጣቢያ ያልፋሉ፤ ከቀድሞው የባቡር ጣቢያ ሕንፃ ፊት ለፊት የሚነሳው የቸርችል ጎዳናም ወደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አቅጣጫ ይወስዳል። በመሆኑም ከተለያዩ የከተማዋ አካባቢዎች ለቀጠሮ የሚመጡ ብዙ ታካሚዎች በዚህ ቦታ መጓጓዣ ይቀይራሉ። ለእነዚህ ታካሚዎች የሚከተሉት ምክሮች ይጠቅማሉ።

ሰው ከሚበዛበት የጠዋትና የማታ ሰዓት ውጭ ለመጓዝ ይሞክሩ፤ መጋፋት ቁስሉን ሊመታና ሽፋኑን ሊያላቅቅ ይችላል። ቁመናውን መጠበቅ ለተሳነው ታዳጊ መቀመጫ እንዲለቀቅ መጠየቅ አያሳፍርም። ቦርሳ በጀርባ አይሸከም፤ አስታማሚው ይያዝለት። ሲደርሱ እጅ ሳይታጠቡ ቁስሉን ወይም ሽፋኑን አይንኩ። ታዳጊው አስቸኳይ ምልክት ካለበት ግን መጓጓዣ በመቀያየር ጊዜ አያጥፉ፤ በ907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን አምቡላንስ ይጥሩ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ከክልል መጥተው በለገሃርና በአካባቢው ከዘመድ ዘንድ ወይም በኪራይ ክፍል የሚያርፉ ቤተሰቦች፣ የመጀመሪያው የቁስል ምርመራ ተደርጎ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ከአዲስ አበባ ባይወጡ ይመረጣል። ክፍሉ አየር የሚገባበት፣ ውሃ የሚገኝበትና ታካሚው ብቻውን የሚተኛበት አልጋ ያለው ቢሆን መልካም ነው። ወደ መኖሪያ አካባቢያቸው ሲመለሱም የሕክምና ማጠቃለያውን ቅጂ ለአካባቢያቸው ጤና ተቋም ይስጡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆኑ ቤተሰቦች በቅብብሎሽ ሥርዓቱ መሠረት የሪፈር ወረቀት መያዛቸውን ያረጋግጡ። ድንገተኛ ሁኔታ ሲያጋጥም ግን ወረቀት ለማግኘት ብለው አይዘግዩ።

ከወራትና ከዓመታት በኋላ

ታዳጊው ወደ ትምህርት ቤት የሚመለስበትን ጊዜ፣ ክብደት የሚያነሳበትንና ስፖርት የሚሠራበትን ጊዜ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ጠባሳው ላይ አዲስ እብጠት፣ እንደ ብጉር ሆኖ የሚፈስ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የጀርባ ሕመም ቢመጣ ዘግይቶ የሚከሰት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል የአከርካሪ ሐኪም ማየት አለበት። ለሌላ ሕመም ወደ ማንኛውም ጤና ተቋም ሲሄዱ በጀርባ ውስጥ ብረት መኖሩን ይናገሩ። የጥርስና የቆዳ ኢንፌክሽንን በጊዜ ማሳከምን ልማድ ያድርጉ።

ለተጨማሪ መረጃና ምክር በነፃ የስልክ መስመር 952 ይደውሉ። ስለ ቁስሉ ጥርጣሬ ካለዎት ቀዶ ሕክምናውን ያደረገውን ሆስፒታል ያማክሩ፤ የቀጠሮውን ቀን አይጠብቁ።